ተገልብጦ የተነበበ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
ሽንኩርት የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ ሲገባ፣
ከጤና ጣቢያው ጓሮ አንዲት ክፍል አለች፤
ኢፍቱ የምትባል ልጅ በሩን ትከፍታለች።

«ጋሽ ዳምጤ ይቀመጡ፤ እጅዎ እዚህ ይረፍ፤
መርፌ የለም፣ ቢላ የለም፤ ማግኔት ነው ብልጭ ብሎ የሚያልፍ።»
ስምንት ቁጥር የመሰለ፣ መያዣው የረዘመ፣
ጥቁር ዕቃ ራስ ቅሌ ላይ አንዣብቦ ቆመ።

ቀጭ አለ።
አውራ ጣቴ ዘለለ።

እኔ አላዘዝኩትም።
ሰባ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር
ሳልልከው ሄዶ አያውቅም ነበር።
ብድግ ብሎ ቁጭ አለ፣ ቄስ እንደገባበት ሰው፤
ገረመኝም፣ ሣቄም መጣ፤ ማነው ያስነሳው?

«ሥፍራውን አገኘነው» አለች፣ ነጥብ እያኖረች
በላስቲኩ ቆብ ላይ፤ ቀጥላም አስረዳች፦
«አንጎል ውስጥ እጅን የሚያዝ አንድ ቀበሌ አለ፤
በዕድሜ ድንበሩ ይደበዝዛል፣ ይሄ በዚያ እየታከለ፣
አንዱ ጣት ሲጠራ ጎረቤቱም አቤት እያለ።
ቢሆንም አይደርቅም፤ ያረጀም ይማራል፤
ቀስ ብሎም ቢሆን መንገድ ይቀይራል።
ማግኔቱ ማገዙን ግን ገና ነው የምናጣራው፤
ለዚያ ነው እርስዎን ጠዋት ጠዋት የምጠራው።»

ቀበሌ ብትለውም፣ ለእኔ ሣጥን መሰለኝ፣
ማተሚያ ቤት፣ በቁሜ፣ ሠላሳ ዓመት ያዋለኝ፤
የእርሳስ ፊደል በየጎጆው ተከፋፍሎ የተኛበት።
ዓይኔ ጽሑፉ ላይ፣ እጄ ሣጥኑ ላይ፤
«ጳ» ብቻ ጥግ ነበረች፣ ጳጉሜ ሲደርስ የምትታይ።
አሁን ሣጥኑ ተናግቷል፤ «ሰ» ከ«ሸ» ጋር ገብታለች፤
የሸሚዜ ቁልፍ ከጣቴ ሾልካ ታመልጣለች፤
እማዋይሽ ትቆልፍልኝ ነበር፤ እሷም ዛሬ የለች።

ዘጠኝ ቀዳዳ ያላት ሰሌዳ፣ ዘጠኝ የእንጨት ሚስማር፤
ሰዓት ተያዘልኝ፤ ሠላሳ አራት ሴኮንድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግን፣ ስልክ ጠርቷት ተነስታ፣
ጠረጴዛው ላይ ተወች ወረቀቷን ረስታ።
ፊቱ ወደ እሷ ነው፤ ለእኔ ተዘቅዝቋል፤
የእርሳስ ፊደል የለቀመ ግን ዘቅዝቆ ማንበብ ያውቃል።
«ቡድን ሁለት» ይላል፤ ቀጥሎም «ማስመሰያ»፤
ለካ ድምፁ ብቻ ኖሯል፣ ባዶ መጮኺያ።
የመጀመሪያው ቀን ዝላይ፣ እሱ እውነት ነበረ፤
ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃው በሌላ ተቀየረ።

ልናገር?
ብናገር ጥናቷ ተበላሸ፤ ዝም ብልም ያው ነው፤
ያየን ዓይን መልሶ እንዳላየ የሚያደርገው ማነው?
ልቅር?
አራት ፎቅ ወርጄ፣ በባጃጅ ተንገጫግጬ፣
አንድ ሰው «እጅዎን» ብሎ በሁለት እጁ የሚይዘኝ ሰዓት
ያ ብቻ ነበረና፣
ዝም አልኩና
መጣሁ እንደገና።

ሃያ ቀን ቀጭ ቀጭ አለ፤ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ
ሚስማር ከቀዳዳ፣ ሚስማር ከቀዳዳ፣ ለቀምኩ፣ መለስኩ።
አንድ ቀን መብራት ሄደና የማሽኑም ድምፅ ጠፋ፤
«ዛሬ ይቅርብን» አለች ኢፍቱ፤ እኔ በሆዴ፦ «ምን ከፋ?»

በመጨረሻው ቀን ሰዓቷን አየች፤ ሃያ ስድስት።
ደግማ አየች። ፈገግ ልትል ነበር፤ ትታው ጻፈች በፍጥነት።
«አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለችኝ ስጠይቃት፤
ልክ ናት፤ አንዲትን ፊደል «ጋዜጣ ነሽ» ማን ሊላት?

ያ ስምንት ሴኮንድ ታዲያ ከየት መጣ?
ከማግኔት እንዳልል አልነበረም፤ ከጉልምስና እንዳልል፣ ከወጣ
ስንት ዓመቱ። ከሚስማሩ ይሆን? ወይ ምናልባት
ማታ ብርድ ልብሴ ላይ፣ ሣጥን እንዳለ ሁሉ፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» ስለይባት
ካነጋሁባት ሌሊት።

ዛሬ ሸሚዜን ቆለፍኩ፤ ሦስቱን፣ አራቱን፤
የላይኛው እምቢ አለኝ፤ ተውኩት አንገቱን።
ነፋስ ይግባበት ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ፤
ከፎቁ ሥር ኢፍቱን ታክሲ ስትጠብቅ አየሁ፤
እጄን አነሳሁ።

እኔ ነኝ ያዘዝኩት።